የኻሊድ ቀኝ ዓይን

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኳትም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ስጸልይ እንኳ እዚያ ቦታ ስደርስ «አንተ ታውቃለህ» ብዬ ቶሎ አልፈዋለሁ። እግዚአብሔር ማወቁንስ ያውቃል፤ የጨነቀኝ ሰው አለማወቁ ነው። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው። ለምን ለማታውቁኝ ለእናንተ እንደሆነ ስጨርስ ይገባችኋል። ለእኔም ከገባኝ ማለቴ ነው።

ስሜ ሊዲያ ነው። ያደግኩት ኦስሎ ውስጥ ላምበርትሴተር ነው፤ ዛሬም እዚያው እኖራለሁ፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አስታማሚ ነኝ። ኻሊድ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩት የጋሽ ሰይድ ልጅ ነው። ጋሽ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ከአልናብሩ የጭነት ጣቢያ ዕቃ እየጫኑ እስከ ሰሜን ድረስ የሚነዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። እኛ የጸሎት ቤት ሰዎች ነን፣ እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ግን በእነሱም በዓል በእኛም በዓል ሳህን ደረጃውን ሳይወጣና ሳይወርድ ቀርቶ አያውቅም። እኔና ኻሊድ እኩያ ነን። አብረን ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ማለቴ ነው፣ ዋልን፣ አብረን ትምህርት ቤት ገባን።

ሞተረኛውን ወደ ቤታችን ያመጡት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከመንገድ ሲመለሱ አንድ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ይዘው መጡ። የሰውዬውን ስም ልተወው፤ በዘመኑ የማያውቀው አልነበረም። አውቶቡሶች ጎን ለጎን ተደርድረው እሱ በሞተር ብስክሌት ከላያቸው ይዘላል። አንዳንዴ ይሳካለታል። አንዳንዴ ደግሞ ከመሬት ተላትሞ እንደ ጨርቅ ኳስ ይንከባለላል፤ ሕዝቡ ጭንቅላቱን ይይዛል፤ ከዚያ ሰውዬው በቃሬዛ ላይ ሆኖ እጁን ያውለበልባል። በካሴቱ መጨረሻ ሮኬት የተገጠመለት ሞተር ላይ ተቀምጦ ወንዝ ሊሻገር ይሞክራል። ጭሱ ሲወጣ ጋሽ ሰይድ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብለው ከሶፋው ይነሱ ነበር፤ አይተውት እንደማያውቁ።

የሮኬቱ ነገር ከዚያ መጣ። ማዮርስቱን የሚባለው ሰፈር አጠገብ የሕፃናት ሮኬት የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ከወፍራም ወረቀት የተሠራ፣ ጭራው ውስጥ ባሩድ ያለው፣ በባትሪ የሚተኮስ። ኻሊድ አባቱን ለምኖ አስገዛ። በጎኑ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሞተረኛ በክር አሰርንበት፤ የፌስታል ጃንጥላ ሠራንለት። ከፎቃችን ጀርባ ባለው የጠጠር ኳስ ሜዳ፣ የተጫዋቾቹን ልብስ መቀየሪያ ቤት ልናዘልለው ነበር ዓላማችን። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ እኔን መዘምራን ልምምድ ላይ ነች ትላለች፤ እኔ ግን ሜዳው ላይ ነኝ።

መተኮሻውን የሠራው ኻሊድ ነው። በአሮጌ ባትሪ ሣጥን ላይ የበር ደወል መጫኛ ገጠመ። ከጎኑ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ሚስማር ካልተሰካ ደወሉን ብትጫኑት ምንም አይሆንም። ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው፤ ማንም ወደ ሮኬቱ ከመሄዱ በፊት ሚስማሩ ይነቀላል። ይህን ሕግ አንድም ቀን ሲጥስ አላየሁትም። ይህን ያዙልኝ። አንድም ቀን።

በዚያች ቅዳሜ ብርድ ነበር። ሁለቴ ሞከርን፤ ሁለቴም ሳይተኮስ ቀረ። ሽቦውን አስተካከልን። ሦስተኛው ላይ የፕላስቲኩ ሞተረኛ ወደ ጎን ተንጋደደ። ኻሊድ ሚስማሩን ነቀለና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ያዢልኝ» አለኝ። ሄዶ ሮኬቱ ላይ ጎንበስ አለ፤ ክሩን ሊያጠብቅ።

እኔ ሚስማሩን ሰካሁት። ደወሉን ተጫንኩት።

ለምን? ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠየቅኩ፤ በየጊዜው ሌላ መልስ እሰጣለሁ። ጠዋት «አንቺ ዝም ብለሽ ቁጠሪ» ስላለኝ ተቀይሜው ነበር? ተቀይሜ ነበር፤ ግን በዚያ ሰው ይጎዳል? እንደ ቀድሞው አይተኮስም ብዬ ነው? ታዲያ የማይተኮስ ከሆነ ለምን ተጫንኩት? ደንግጦ ሲዘል አይቼ ልስቅ ነበር? ወይስ ያ ካሴት ነው ያሳሳተኝ፤ ሞተረኛው ወድቆ ሁልጊዜ ይነሳ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ወድቆ የሚነሳ መስሎኝ? አላውቅም። ጭንቅላቱን አይቻለሁ፤ ሰማያዊ ኮፍያውን አይቻለሁ። እያየሁ ሰካሁ፤ እያየሁ ተጫንኩ። የማውቀው ይህን ነው።

ሮኬቱ ፊቱን መታው። በጀርባው ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ከጠጠሩ ጋር ተላተመ። ሮጥኩ። ሻርፔን ፊቱ ላይ አሰርኩ፤ በብብቱ ይዤ እስከ መንገዱ ጎተትኩት፤ ጮኽኩ። አንድ መኪና ቆመ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ሰዎች ስለ እኔ የሚያወሩትም ይሄንኑ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ጋሽ ሰይድ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። ፊቴን አዩ። «ሊዱዬ፣ ልጄ፣ ማነው የተኮሰው?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ምናልባት... አይ፣ ይሄንንም አልልም። «ማንም አልተኮሰም። ሚስማሩን ሳይነቅል ሄደ። ደወሉ በራሱ ተገናኝቶ ተኮሰ» አልኳቸው። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ እንደቆየ ነገር ወጣ። ጋሽ ሰይድ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ሕጉን ራሱ አውጥቶ!» ብለው አለቀሱ።

ኻሊድ ሲነቃ ከጠዋቱ ቁርስ በኋላ ያለውን ምንም አያስታውስም። ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። ምን እንደሆነ ሲጠይቅ የነገሩት የእኔን ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል። ጋሽ ሰይድና ባለቤታቸው ቤታችን ድረስ ወርደው እናቴን ይቅርታ ጠየቁ። «ልጃችን ባለመጠንቀቁ ልጅሽን አስደነገጠብሽ፤ እሷም ትሞት ነበር» አሏት። እናቴ ልምምድ በመቅረቴ እንኳ አልተቆጣችኝም። እሑድ ጸሎት ቤት አስነስታ ምስክርነት አሰጠችኝ። ማይክ ይዤ ጌታ ከእሳት እንዳወጣኝ ተናገርኩ፤ ኻሊድ ሚስማሩን እንደረሳ ተናገርኩ፤ ጉባኤው «አሜን» አለ። ያ ሁሉ አሜን የማን ነው? የት ይመለሳል?

ኻሊድ እንደ አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር መሆን ነበር ሕልሙ። ዓይኑ አላሳለፈውም። አልናብሩ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የሌሎች መኪና ሲጫን ይቆጣጠራል። አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት፤ ሳቂታ ነው። ዓይኑን የጠየቀውን ሰው ሁሉ በዚያው ታሪክ ያስቃል። ሚስማሩን እንዴት ሣጥኑ ላይ እንደተወው፣ እንዴት እያፏጨ እንደሄደ በእጁ ያሳያል። ማፏጨቱን ከየት አመጣው? እኔ ስለ ፉጨት ለማንም አልተናገርኩም። እየሰማሁት እየሰማሁት ጭራሽ እኔም ማየት ጀመርኩ፤ ሚስማሩ ሣጥኑ ላይ ተተክሎ፣ እሱ እያፏጨ ሲሄድ። አንዳንድ ጠዋት ስነሳ የትኛው የሆነው፣ የትኛው የተወራው እንደሆነ ይምታታብኛል። ያኔ መዳፌን እዘረጋለሁ። ያ ቀዝቃዛ ብረት መዳፌ ላይ ነበር። ነበር።

በዚህ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ኻሊድ ደወለልኝ።

«ሰማሽ? ሰውዬው ሞተ እኮ!»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሞተረኛው! በሽምግልና፣ አልጋው ላይ። ታምኛለሽ? ያ ሁሉ አጥንት ተሰብሮ አልጋው ላይ!» ይስቃል፤ ግን ድምፁ ወፍሯል። «ልጆቹን ይዘን ሜዳው ላይ አንድ እንተኩስለት። አባቴም ቢኖር ደስ ይለው ነበር።»

ጋሽ ሰይድ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል።

ሄድን። ሜዳው ዛሬ ጠጠር አይደለም፤ አርቲፊሻል ሣር ነው። የኻሊድ ልጆች አዲስ ሮኬት ላይ ሞተረኛ ሥለዋል። የእኔ ልጅ ሐና ከእነሱ ጋር ትሯሯጣለች፤ ግማሹን በኖርዌይኛ ግማሹን በአማርኛ ይጯጯሃሉ። ኻሊድ ሰበሰባቸውና ታሪኩን ነገራቸው፤ ጥንቃቄ ሊያስተምራቸው። «እኔ ሚስማሩን ረሳሁ፤ እናንተ እንዳትረሱ» አላቸው።

ሐና ቀና ብላ «እማ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ።

«እናትሽ ናት ያዳነችኝ» አላት ኻሊድ፣ አፌን ሳልከፍት።

ሮኬቱ በደህና ወጣ። ጃንጥላው ተዘርግቶ ነፋሱ ወሰደው፤ ልጆቹ ተከትለው ሮጡ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቀድሜ አላሰብኩትም፤ አስቤው ቢሆን ኖሮ አልለውም ነበር።

«ኻሊድ፣ ሚስማሩን አልረሳህም። ነቅለህ ለእኔ ሰጥተኸኝ ነበር። የሰካሁት እኔ ነኝ። የተጫንኩትም እኔ ነኝ።»

በደህናው ዓይኑ ሊያየኝ ፊቱን በሙሉ አዞረ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ናይ፣ አይደለም፣ ሊዱ። ተይ። ሰው ሲሞት የቀረው እንዲህ ያደርጋል፤ በራሱ ላይ ጥፋት ይፈልጋል።»

«መዳፌ ላይ ነው ያስቀመጥከው። ያዢልኝ አልከኝ።»

«ትዝ ይለኛል እኮ! ሣጥኑ ላይ ተሰክቶ ነው የተውኩት። አሁንም ይታየኛል።»

«የሚታይህ እኔ የነገርኩህ ነው። ያን ቀን ምንም አታስታውስም ነበር። ዋሽቼ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። ተቆጥቶ የማላውቀው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ።

«ስሚኝ። አባቴ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ስለዚያ ሚስማር ብዙ ተናገርኩህ፤ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተም ይቅር በለኝ› አለኝ። ተላቀስን። እኔ በዚያ ነው የምኖረው። አንቺ ነሽ ካልሽኝ፣ አባቴ ይቅር ያለኝ ምኑን ነው?»

መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት።

«ደግመሽ እንዳታነሺብኝ» አለኝና ልጆቹን ጠራ። ስንለያይ እንደ ወትሮው ሐናን ጉንጯን ስሞ ሸኛት። በማግስቱ የሮኬቱን ፎቶ ላከልኝ፤ «ሰላም አደርሽ» ብሎ። ምንም እንዳልተፈጠረ።

አሁን ምን ላድርግ? እውነቱን ተናግሬ ተገላገልኩ ልበል? አልተገላገልኩም። ዝም ብል ይሻል ነበር? ሃያ ምናምን ዓመት ዝም ብዬ አይቼዋለሁ። ዓይኑን ወሰድኩበት፤ በዓይኑ ምትክ የራሴን ውሸት ሰጠሁት፤ እሱ በውሸቱ ላይ ቤት ሠራበት፣ አባቱን ቀበረበት፣ ልጆቹን አሳደገበት። አሁን ደግሞ ሕሊናዬ እንዲቀልለኝ ብዬ ያንን ቤት ላፈርስበት ሄድኩ። የቱ ነው ንስሐ፣ የቱ ነው ሁለተኛ በደል? መጽሐፉ «ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ቢታሰብህ ሄደህ ታረቅ» ይላል። ወንድሜ ምንም የለኝም ሲል ምን ይደረጋል? እዚያ ላይ ዝም ይላል።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ልጅ ነበርኩ፤ እሱም ልጅ ነበር። አይተኮስም ብዬ ነው አልልም። ደንግጬ ነው የዋሸሁት አልልም፤ ድንጋጤ ማይክ ይዞ ጉባኤ ፊት አይቆምም።

ለእናንተ የነገርኳችሁም ለዚህ ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም፤ ይቅር ማለት ከሚችሉት አንዱ ሞተዋል፣ አንዱ አልሰማም ብሏል። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ አላመነኝም። እናንተ እመኑኝ። እኔ ነኝ።