«አይዞሽ» ይለኝ የነበረው ያሬድ

ጠዋት ያየሁት ዜና «ጃሬድ» ነው የሚለው። ስለዚህ እሱ አይደለም አልኩ። የእኛ ልጅ ያሬድ ነው። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። መሀል ላይ ቆምኩ።

ፎቶው ግን የእሱ ነው።

ዩክሬን ውስጥ ተገደለ። «ወጣት ብሪታኒያዊ ወታደር» ይላል። የእንግሊዝ ጦር ውስጥ አገልግሎ እንደጨረሰ በፈቃዱ የሄደ። ሌላ ነገር የለም። ልደታ የሚል ቃል የለም።

ለማታውቁት፦ ያሬድ ተወልዶ ያደገው እንግሊዝ ነው። እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በታች ያለው ቤት የሚኖሩት የእማማ ዘነበች የልጅ ልጅ ነው። ክረምት ክረምት ይመጣል። ይመጣ ነበር። ይቺን «ነበር» ገና አልለመድኳትም።

አማርኛውን የተማረው ከእናቱና ከእህቶቹ ነው። ቤት ውስጥ «ነይ»፣ «ብይ»፣ «ተኚ» ሲባል እየሰማ አደገ። ስለዚህ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚለው።

አንድ ቀን ከአብነት በሚኒባስ አብረን ስንመጣ፣ ሾፌሩን፣ ድምፃቸው የሚያስፈራ ግዙፍ ሰውዬ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አቁሚልኝ» አላቸው።

ረዳቱ ዞር አለ። «ጀለሴ፣ ጋሼን ዳርካት እኮ።»

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ብቻ አልሳቁም። «ተዉት ልጁን» አሉ። «ቤቴ ውስጥ እንኳ እንዲህ በትህትና የሚያዘኝ የለም።» አቆሙልን፤ ያውም መቆም በማይፈቀድበት ቦታ።

ስንወርድ አረምኩት። «አቁምልኝ ነው የሚባለው። ለትልቅ ሰው ደግሞ፣ ያቁሙልኝ።» ገባኝ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። በራችን ላይ ስንደርስ ለጥበቃው «ደህና ዋልሽ?» አለው።

የቤት ክርክር የነበረብኝ ጊዜ ፍርድ ቤት አብሮኝ ሄደ። የሚባለው ምንም አይገባውም፤ አግዳሚው ላይ ጎኔ ተቀምጦ ጠበቀ። ጉዳዬ እንደገና ተቀጠረ። ትከሻዬን ያዘና «አይዞሽ» አለኝ። ጺሜ የሸበተ ሰውዬ ነኝ። ያን ቀን አላረምኩትም።

ዜናው ስር የምትጽፉትን እያነበብኩ ነው። «የሰው ጦርነት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» እኔም አላውቅም። ሊሄድ ሲል በስልክ ጠይቄዋለሁ። «አትጨነቂ» ብቻ ነው ያለኝ። እሱም ላይ ተናድጃለሁ። ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ እናንተ አታውቁትም።

እማማ ዘነበች ግቢው ውስጥ ድንኳን እንዲተከል ፈለጉ። ከእድሩ ሰዎች አንዱ «አስከሬን የለ፤ ልጁም የውጭ ዜጋ ነው። እሑድ ስብሰባ ላይ እንነጋገርበት» አለ።

እማማ ዘነበች ቀና ብለው አዩት።

«እስከ እሑድ እንባዬን የት ላስቀምጠው፣ ልጄ?»

ሰውየው ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሲመታ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ነበር?»

ወንበር ላመጣ ብዬ ደረጃውን ወጣሁ።

ድንኳን የለም። ከየቤታችን ወንበር አውጥተን ግቢው ውስጥ ደርድረናል። ሰማዩ ጠቁሯል። ይጥቆር። እሑድን የማትጠብቁ ኑ። ስትገቡ «እንግሊዛዊው» አትበሉ፤ እማማ ዘነበች የሚያውቁት ያሬድን ነው።

ያሬድ፣ የት እንደወደቅክ እንኳ በትክክል አላውቅም። መጨረሻ ላይ ያናገረህ ሰው ካለ፣ በምን ቋንቋ እንዳናገረህ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የማስበው እሱን ነው። ስለዚህ ቢዘገይም፣ ከልደታ፣ በራስህ አማርኛ፦

አይዞሽ። አያትሽ ጋ እኔ አለሁ፤ አትጨነቂ።

ደህና ሁኚ።