ጁምዓ የጠፋበት ሰዓት

ዐወድ አሶሳ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ ልቡ ግን ያለው አሮጌ ሰዓት ላይ ነው። ድሮ ያገኘውን ሁሉ ይለቅም ነበር። የቆመም ይሁን የተሰነጠቀ፣ ብቻ ሰዓት ይሁን። የባምባሲው ሌንጂሳ፣ እሱም የለየለት የሰዓት በሽተኛ፣ አንድ ቅዳሜ ሱቁ መጥቶ ሰዓቶቹ ያሉበትን ሳጥን ከፍቶ አየና፣ ይሄማ መቃብር ነው ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ዐወድ የራሱን ዓይን ትቶ በሌንጂሳ ዓይን ያይ ጀመር። ሌንጂሳ "የተነካካ ነው፣ ዕቃው የራሱ አይደለም" ካለ ሰዓቱ አበቃለት፣ ከሳጥኑ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ሳጥኑ አማረ። የዐወድም ምላስ እንደ ሌንጂሳ ሰላ።

አባቱ ሐጂ ጣሀ ከመካ ያመጡት የጃፓን ሰዓት ነበራቸው። ፊቱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የዕለቱ ስም በአረብኛ ይወጣል። ሐጂ ጆሯቸው ስለደነቆረ አዛን አይሰሙም፤ ጀለቢያቸውን ለብሰው መስጊድ የሚሄዱት መስኮቷ ላይ ጁምዓ ስትወጣ ነው። ከአረብኛ ሌላ ፊደል አያውቁም፤ እሱንም ለዐወድ በልጅነቱ አስተምረውታል።

ሌንጂሳ ያቺን ሰዓት አየና ፈረደ፤ ጃፓን በአረብኛ አይጽፍም፣ ሐጂን ሸውደዋቸዋል አለ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? ዐወድ እንግዳ በሞላበት ቤት፣ በአባቱ ጆሮ እየጮኸ፣ በመካ መታለላቸውን ነገራቸው። ሐጂ ከታመነ ሰው ነው የገዛሁት ቢሉ ሳቀባቸው። ሰዓቱን ወስዶ ለሌንጂሳ ሰጠው፤ ሌንጂሳም የዕለታት ስም በፈረንጅ ፊደል የተጻፈበት ቀለበት ውስጡ ገጠመበት። የአረብኛው ከጥራጊ ጋር ተጣለ።

ሐጂ ጠዋት ጠዋት መስኮቷን እያዩ ዛሬ ምንድነው ይላሉ። በዚህ ዕድሜዎ ፊደል ይቁጠሩ እንጂ ይላል ልጃቸው፣ አያፍርም። አንድ ቀን ሰዓቱን እያገላበጡ ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ፣ ጎረቤቶቻቸው መስገጃቸውን ይዘው ከመስጊድ ሲመለሱ አዩ። ጁምዓ አልፏቸዋል። ሰዓቱን ከእጃቸው ፈቱ፣ የልጃቸው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። በዚያው ክረምት ሞቱ።

አምና ሙዳሲር የሚባል ሱዳናዊ፣ ኦምዱርማን ሰዓት ይነግድ የነበረ፣ የአገሩን ጦርነት ሸሽቶ በድንበሩ በኩርሙክ በኩል አሶሳ ገባ። ዐወድ ሳጥኑን ሊያሳየው ቸኮለ። ሙዳሲር ሁሉንም አደነቀ፤ የሐጂን ሰዓት ሲያነሳና ከመካ መምጣቱን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። ለአረብ አገር የሚላከው ከነአረብኛው ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ ይሄን ደህና ሰዓት ማን አበላሸው ብሎ ጠየቀ።

ዐወድ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ባምባሲ ሄደ። ሌንጂሳ አንድ አሮጌ ሰዓት በጨርቅ እየወለወለ ነገሩን እስከመጨረሻው አዳመጠው። ቀና አላለም።

"እኔ አረብኛ አላነብም፤ የመሰለኝን ተናገርኩ" አለው። "አንተ ግን ታነባለህ። አባትህንም ታውቃቸው ነበር።"