ላይኞቹን የሚጠብቅ ሪሲቨር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ግዛቸው አንድ የፈጠራ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «አንብቢውና ምን አዲስ ነገር እንዳለው ንገሪኝ» አሉኝ። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ የወጣሁ፣ ጉራዬ ገና ያልበረደልኝ ልጅ ነበርኩ። እስከ ምሳ ድረስ አንብቤ «ሁሉም አዲስ ነው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁብኝ። «ላንቺ ነዋ አዲስ የሆነው! ለዓለም አዲስ መሆኑን እስክታጣሪ ድረስ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።» ከሰዓት በኋላ ያው ነገር እኔ ሳልወለድ ውጭ አገር ተመዝግቦ አገኘሁት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ግን ደስ አለኝ። የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ መርማሪ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ላሊበላ ላሉት ዘመዶቼ ሥራዬን ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። እናቴ «ልጄ መርማሪ ሆነች» ብላ ስታወራ፣ አንድ ጎረቤታችን ፖሊስ የሆንኩ መስሎት የታሰረ ወንድሙን እንዳስፈታለት ለመነኝ። «እኔ የምመረምረው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው» ብዬ ብመልስለት «ዕቃ ደግሞ ምን አጠፋ?» አለኝ።

ለወጣት ባልደረቦቼ ሥራውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አመልካቹ ሁለት ነገር ይጽፋል። አንደኛው መግለጫ ነው፤ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ሌላው የይገባኛል ጥያቄ ይባላል፤ አመልካቹ «ይህን ያህሉ የኔ ነው» ብሎ የሚያጥረው አጥር ነው። መርማሪው እስከ ዛሬ የታወቀውን ሁሉ አስሶ፣ አጥሩ የሌላ ሰው መሬት ይዞ እንደሆነ ያያል። አንድ ጥብቅ ሕግ ደግሞ አለ፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ መግለጫው ውስጥ ያልነበረ ነገር መጨመር አይቻልም።

የኔ ድርሻ የቴሌቪዥን ሪሲቨር ሆነ። ምስል ወደ ሪሲቨር የሚመጣው ተቆራርጦ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መቼ መታየት እንዳለበት ተጽፎበታል። ሪሲቨሩ ቀድሞ የደረሰውን ያቆይና ሰዓቱ ሲደርስ ያወጣዋል። ሁሉም ከአንድ ጣቢያ ከመጣ ችግር የለም። ችግሩ ሁለት ምስል ከሁለት ቦታ በሁለት መንገድ ሲመጣ ነው። አንዱ ሠርገኛ ከፍላቂት በሚኒባስ፣ ሌላው ከገነተ ማርያም በእግሩ ቢነሳ እኩል አይገቡም፤ የቀደመውን በር ላይ ማስቆም ያስፈልጋል። ይህን ማመሳሰል እንለዋለን። ብዙ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ነው፤ እወደዋለሁ።

አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከላሊበላ ማመልከቻ መጣ። አመልካቹ አበባው የሚባል፣ ዲሽ የሚተክልና ቴሌቪዥን የሚጠግን ወጣት ነው። አድራሻውን እንዳየሁ ፋይሉን ይዤ አቶ ግዛቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ዘመድሽ ነው?» አሉኝ።

«ላስታ ውስጥ ተቆጥሮ ዘመድ የማይሆን ማን አለ? ልጁን ግን አላውቀውም።»

«ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ እንዳይሆን ብቻ!» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ለጊዜው ሪሲቨር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፤ ያዢው።»

የአበባው ችግር ለኔ እንግዳ አልነበረም። የገና ዕለት ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ማሜ ጋራ በምንለው፣ ቤተ ክርስቲያኑን በከበበው የዓለት አፋፍ ላይ ይቆማል፤ ገሚሱ ታች ግቢው ውስጥ ይሆናል። ላይኞቹ ይዘምራሉ፣ ታችኞቹ ይቀበላሉ። ቦታው ጠባብ፣ እንግዳው ብዙ ስለሆነ ውጭ ለሚቀረው ምእመን አበባው ሜዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ይተክላል። የላይኞቹን ምስል ከቴሌቪዥን ጣቢያ በዲሽ ይቀበላል፤ የታችኞቹን በራሱ ካሜራ በገመድ ያመጣል፤ ጎን ለጎን ያሳያል። የዲሹ ሰማይ ደርሶ እስኪመለስ ይዘገያል፤ የገመዱ ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ታችኞቹ ላይኞቹ ሳይጨርሱ ይቀበሏቸው ነበር። አንዲት ባልቴት «ምነው ልጄ፣ ካህናቱ ተጣሉ እንዴ?» ብለው ጠየቁት አሉ።

አበባው የሠራው ሪሲቨር በሁለቱም ምስል ውስጥ ያለውን የከበሮ ድምፅ እያዳመጠ የገመዱን ምስል የሚበቃውን ያህል ያቆየዋል። ማመልከቻው ላይ የጻፈው ይህንኑ ብቻ ነው። ሳስስ፣ ሁለት ምስልን በድምፃቸው የሚያመሳስል ሪሲቨር ጃፓን ውስጥ ድሮ ተመዝግቦ አገኘሁ። «አዲስነት የለውም፤ ካልተስማማህ መልስ ስጥ» የሚል የምርመራ ውጤት ጽፌ ላክሁ።

ብዙም ሳይቆይ የኔታ ደወሉልኝ። የኔታ አጎቴ ናቸው፤ መሪጌታ ናቸው፤ ገና ሲመጣ ከላይኞቹ ጋር ነው የሚቆሙት። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ የአበባውን ነገር አሰናከልሽው አሉ።»

«እኔ አላሰናከልኩም የኔታ። ቀድሞ ተሠርቶ ተገኘ እንጂ።»

«የት?»

«ጃፓን።»

«ጃፓን ደግሞ ማሜ ጋራ አላት?»

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። «የኔታ፣ ተማሪ ዜማ ሲያጠፋ አንቱ የዘመድ ልጅ ነው ብለው ያልፉታል?» አልኳቸው። ከዚያ «ደኅና ዋይ» ብለው ዘጉት። ቅር እንዳላቸው ገብቶኛል።

የአበባው መልስ አጭር ነበር፦ «መጥታችሁ እዩት።» ለገና ፈቃድ ስወጣ አቶ ግዛቸው «ከሄድሽ አይቀር አንድ ቀን የሥራ አድርጊውና እዪው። ያየሽውን ብቻ ጻፊ» አሉኝ።

የበዓሉ ሰሞን ወደ አበባው ሱቅ ሄድኩ። ቀጭን፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ልጅ ነው። ያለፈውን ገና ቅጂ በሁለት መንገድ ወደ ሪሲቨሩ ሣጥን ለቀቀልኝ። እኔ ሣጥኑ የት ላይ እንደሚወድቅ ቀድሜ ገምቻለሁ። ከበሮ ይደጋገማል፤ አንዱ ምት ከሌላው አይለይም። ሣጥኑ የአንዱን ምስል ምት ከሌላው ምስል ቀጣይ ምት ጋር ቢያጋጥም ማን ይከለክለዋል? ገመዱን ነቀልኩበት፤ አጥፍቼ አበራሁት፤ ምስሉን በእጄ አዘገየሁት። ንቅንቅ አላለም።

«ለምንድን ነው የማይስተው?» አልኩት።

«ምን ያስተዋል እትዬ ዝናሽ? ከበሮውን የሚሰማው እኮ ኋላ ነው። መጀመሪያ ላይኞቹ ጨርሰው ታችኞቹ የሚቀበሉባትን ቦታ ይፈልጋል። እሷ እንደ ከበሮው ቶሎ ቶሎ አትመጣም። እሷን ከያዘ በኋላ በከበሮው አጥብቆ ያስተካክላል።»

ጃፓኑ ላይ ይህ የለም። ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ የትም የለም።

«ይህን ለምን አልጻፍከውም?»

«የቱን?»

«መቀበሉን!»

«እሱማ ምን ይጻፋል? እዚህ አገር ይህን የማያውቅ ማን አለ?»

ልመታውም ልስመውም ቃጣኝ። በሙያ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ፊቴ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ግን ለአገሩ ሰው የታወቀ ስለሆነ ዋጋ የለውም ብሎ ትቶታል። አሁን ልጨምር ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም።

አበባው ገርጥቶ ተቀመጠ። ባለፈው ገና ከከተማ የመጡ ሰዎች ሣጥኑን አስከፍተው ፎቶ ማንሳታቸውን ነገረኝ። እሱም የጠየቁትን ሁሉ አስረድቷቸዋል። «ዕውቀት ይደበቃል እንዴ?» አለኝ። «ግን እነሱ በስማቸው ካስመዘገቡት፣ በገዛ ሣጥኔ እኔው ልከለከል ነው?»

ሕግ መንገር ሥራዬ ስለሆነ ነገርኩት። የፊተኛው ማመልከቻ አይድንም፤ መቀበሉን የሚያስረዳ አዲስ መግባት አለበት። ፈጣሪው ራሱ ዕቃውን በአደባባይ ቢያሳይ ሕጉ እስከ ዓመት ይታገሠዋል። ሣጥኑ መጀመሪያ ሕዝብ ፊት የታየው ባለፈው ገና ስለሆነ ዓመቱ የሚሞላው የዚህ ገና ዕለት ነው። ከዚያ ካለፈ የአበባው የገዛ ስክሪን፣ የገዛ አንደበቱ ማስረጃ ሆኖ ይቆምበታል።

«እንግዲያ ጻፊልኛ!» አለኝ።

«አልጽፍም! ራሴ ጽፌ ራሴ ልመርምር? መቀበሉን አብራርቶ የሚያስጽፍህ ሰው ፈልግ።»

የኔታ ዘንድ ሄደ። በእኔ ቅር ያላቸው የኔታ እሱን አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ አስጻፉት። «መግለጫ ማለት እንደ አንድምታ ነው፤ ይህ ይታወቃል ተብሎ የሚዘለል ነገር የለውም» ብለውታል። ላይኞቹ እንዴት እንደሚጨርሱ፣ ታችኞቹ በምን እንደሚነሡ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚቀንስና የት ላይ እንደሚጨምር አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። እሱ ደግሞ ሪሲቨሩ ያንን እንዴት እንደሚሰማ ጻፈ። አናቱ ላይ «በስመ አብ» አስደርገውት ነበር። በኋላ መዝገብ ክፍሉ ይህን አይቶ አቶ ግዛቸውን ቢጠይቅ «የሚከለክል አንቀጽ ካለ አምጡልኝ» አሏቸው አሉ።

ጽሑፉ ያለቀው በዋዜማው ጠዋት ነው። ማመልከቻ በኢንተርኔት ማስገባት ይቻላል፤ ላሊበላ ግን በእንግዳ ተጥለቅልቃ ኔትወርክ የሚባል ነገር ጠፍቷል። አበባው ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ጣራ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ «ኩልመስክ ከተማ ብሄድ ኔትወርክ አለ፤ ይገባልኛል» አለ። ከዚያ ሜዳው ላይ የተዘረጋውን ስክሪን አየ። ወደ ላሊበላ የሚመጣው መኪና ሁሉ በእንግዳ ጢም ብሎ ስለሚሞላ፣ ከሄደ ለጠዋቱ ዝማሬ ስለመመለሱ ዋስትና የለውም። ያን ሁሉ ምእመን ጥሎ መሄድ ደግሞ አልሆንልህ አለው።

«ሂድ፣ እኔ ሣጥኑን እጠብቅልሃለሁ» አልኩት።

ይህን ስል የማጣውን አውቄ ነው። የሰውየውን ሥራ ይዤ ከቆምኩለት አዲሱን ፋይል እኔ ልመረምረው አልችልም። እውነቱን ልናገር፤ ያንን ፋይል ፈልጌው ነበር። መርማሪ እንዲህ ያለውን ነገር በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሣጥኑ አጠገብ ቆምኩ። ዝማሬው እንደተጀመረ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ሪሲቨሩ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። ሁለቱ ምስሎች ተበታተኑ። ከበሮው ይመታል፤ በግራ ያለው ካህን ሲያጎነብስ በቀኝ ያለው ቀና ይላል። ከኋላዬ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ነካ ነካ አድርጊው እንጂ!» ብሎ አንዱ ጮኸብኝ። «ዝም ብለህ ጠብቅ!» አልኩት። የኔታ ስክሪኑን ሞልተው መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። ላይኞቹ ጨረሱ። ታችኞቹ ተቀበሉ። ልክ እዚያች ላይ ሁለቱ ምስሎች ገጠሙና አንድ ሆኑ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አበባው የደረሰው በዓሉ አልቆ ሰው ሲበተን ነው። አቧራ ለብሶ እየሮጠ መጣ። ማመልከቻው ትናንት ማታ ገብቷል፤ የመመለሻ መኪና ግን አጥቶ አድሯል።

«ገጠመ?» አለኝ።

«ገጠመ።»

«እኔ ሳላየው!» ብሎ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

መሥሪያ ቤት ስመለስ ለአቶ ግዛቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። «በፈቃድሽ ቀን የፈለግሽበት መቆም መብትሽ ነው። ያኛውን ፋይል ግን በእጅሽ እንዳትነኪ» አሉኝ። የፊተኛውን ማመልከቻ ውድቅ የሚያደርገውን ውሳኔ በራሴ ፊርማ ላክሁ። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ተቀጥሮ ሪሲቨር ላስተማርኩት ለዮናስ ተሰጠ። ዮናስ ጎኔ ነው የሚቀመጠው። ወራት ሙሉ አንድ ቃል አልጠየቅሁትም፤ ምላሴን ስነክስ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ፋይሉን ዘግቶ ወደኔ ዞረ። «ፓተንት ይገባዋል ብዬ ጨርሻለሁ፤ ቀድሞት ያስመዘገበ ሰውም አላገኘሁም» አለ። «ላሊበላን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን ሰውዬው አንድም ነገር ስላላስቀረ የሚጠየቅ አጣሁበት።» ለየኔታ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። «እሰይ! አንቺም እንኳን አልጻፍሽለት» አሉኝ።

እናንተም ማመልከቻ ስትጽፉም ስትመረምሩም «ይህማ ማን ያጣዋል?» ከምትሉት ነገር ጀምሩ። ያን የሚያነበው ሰው እናንተ አገር አልኖረም።