የአባቴ እናት የክርስትና ስም

ልጄ ዘራችሁን ቁጠሩ ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች። አባቴ ደስ አላቸው። ጉም ከሊማሊሞ ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅን ባለበሰበት ከሰዓት፣ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ወንዶቹን ብቻ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩላት። ልጄ ግን በዋዛ የምትለቅ አይደለችም።

«እናቶቹስ አባባ? የእርስዎ እናትስ?»

የአባቴ እናት የሞተችው እሳቸውን በወለደች ሰሞን ነው። የቤት ስሟን ያውቃሉ። በጸሎት የሚጠራው ግን የክርስትና ስም ነው፤ እሱን ደግሞ ዘመዶቿ ክፉ ሰው ድግምት እንዳይሠራበት ብለው ደብቀው ደብቀው ጭራሽ አጠፉት።

«ሳልሞት አንዴ እንኳ በስሟ ባስጸለይኩላት» አሉ። አንጀቴን በሉት።

የእናታቸው የክርስትና እናት ልጅ ዳባት በሕይወት እንዳሉ ያውቃሉ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቋቸውም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? የእናቴን ስም አላውቀውም ልበል?»

እሳቸውን ጉልበታቸው ስለማያስኬዳቸው፣ ቅዳሜ እኔና ልጄ ሄድን። አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አዎን፣ አውቀዋለሁ» አሉ። «እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ታነሳት ነበር። እኔ አጎዛዬ ላይ ተኝቼ እሰማለሁ። አንድ ቀን ጮክ ብዬ ብጠራው፣ ለሰው እንዳትናገሪ ብላ አስማለችኝ።»

«እማማ፣ አያቴ አሁንማ ሞታለች፤ ማን ይጎዳታል?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ! እናቴ አትናገሪ ብላኛለች።»

በዚያ ዕድሜያቸው የእናታቸውን ቁጣ ይፈራሉ። ልስቅ ብዬ ዓይናቸውን ሳይ ተውኩት። ልጄ ልትቀዳ ስልኳን ስታወጣ በእጃቸው መለሱባትና ፊቷን ብዙ አዩት።

«ይህችስ የራሷ ደም ናት፤ ባዳ አይደለች» አሉ። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንሾካሾኩላት።

«ለእኔስ?»

«አንቺማ ታወሪያለሽ።»

ከተዋወቅን ሰዓት አልሞላንም፤ ግን አልተሳሳቱም።

ስንመለስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሚኒባሷ የምትሄድ ሳይሆን የምትንሳፈፍ ትመስል ነበር፤ ዛፍ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ልጄ እንዳይጠፋባት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስሙን ትደጋግማለች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ «ስምሽ ማን ነው?» ብትላት፣ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ቢጠፋባትስ እያልኩ መተንፈስ ፈራሁ።

ደባርቅ ስንደርስ ሮጣ ገብታ ለአባቴ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም ድምፅ ሳያወጡ ደገሙት።

እሑድ ካህኑ ስለ ሙታን ሲጸልዩ ብዙ ስም ጠሩ። የአያቴ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አባቴ ግን ካህኑ አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ጨብጠው፣ እንደ ሕፃን፣ «እማዬ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለማንስ ይሉት ነበር?