የአባዬ ቡድን ማሸነፍ የጀመረ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ወደ ቤቴ፣ ወደ ልደታ፣ በባቡር ስመለስ፣ እጀታውን ይዤ ቆሜ ሳለ፣ አጠገቤ ከተቀመጡ ሽማግሌ ጉልበት የካምፎር ቅባት ሽታ መጣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ትዝታ አላስለቀሰኝም፤ ሽታው ብቻ ነው የመጣው፣ እኔም ዝም ብዬ እየማግኩት የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩ። ያ የቤታችን የቅዳሜ ሽታ ነበር። አባዬ ከልምምድ ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ እማዬ ቅባቱን በመዳፏ አሙቃ ቀኝ ጉልበቱን ታሸው ነበር፤ «አትጩህ ከማል፣ ገና አልነካሁህም» ትለዋለች፣ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ከማየት በቀር ድምፅ አያወጣም ነበር።

አባዬ የአንድ ፋብሪካ እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበር። ቡድኑ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሊግ የሚጫወት፣ ከእኛ ሰፈር ውጪ ብዙ ሰው የማያውቀው ቡድን ነበር፤ በሰፈራችን በአብነት ግን ከብረት ቤቱ ሠራተኛ እስከ ባለሱቁ ድረስ ደጋፊው ያልሆነ አልነበረም። የምንኖረው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለነበር፣ እሳቸው ሲያስነጥሱ እማዬ ከዚህ ሆና «ይማርዎ» ትላቸው ነበር። አባዬ በዕድሜ ከቡድኑ ሁሉ የሚበልጥ፣ ጉልበቱም የሚከዳው ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በታችኛው ሊግ ተጫውቶ ፕሪሚየር ሊግ ላይ አንድም ቀን ጎል ላይ ቆሞ አያውቅም። «አንዴ፣ አንዲት ጨዋታ ብቻ እዚያ ልቁም፣ ከዚያ በኋላ ተቀመጥ ብትሉኝም እቀመጣለሁ» ይል ነበር። የቤታችን ምኞት ይህች ነበረች፣ ሌላ ትልቅ ነገር ተመኝተን አናውቅም።

የዚያን ዓመት ውድድር ጥቅምት ላይ ሲጀመር ቡድኑ ደህና ነበር፤ ብርዱ እየጠና ሲሄድ ግን ሽንፈት ይደራረብበት ጀመር። እሁድ እሁድ እኔና እማዬ ሬዲዮኑን መሀላችን አስቀምጠን፣ የተቆጠረብንን ግብ ሁሉ አንድ በአንድ ሰምተን፣ ማታ አባዬ ሲመጣ እንዳልሰማን ሆነን እንቀመጥና እሱ እንደገና ይነግረን ነበር። ሽንፈትን መናገር ይወድ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሻይ ብርጭቆውን ጎል አድርጎ፣ የስኳር ዕቃውን ተከላካይ አድርጎ፣ «እዚህ ጋ መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ ያስረዳን ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች «ወንፊት» የሚል ስም አወጡለት። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ «የወንፊት ልጅ» ተብዬ አንዱን በቦርሳዬ ፈነከትኩትና እማዬ ተጠርታ መጣች፤ መንገድ ላይ ጆሮዬን እየቆነጠጠች፣ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ።

የካቲት ላይ እማዬ የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች እንደ ልማዷ ፀሐይ ይምታቸው ብላ ቆርቆሮው ላይ አስጥታ፣ ያልታሰበ የበልግ ዝናብ ወርዶ አበሰበሳቸው። ያን እሁድ ሬዲዮኑ ድምፅ አልነበረውም፤ ምስር እየለቀምን፣ ስለ ኳስ ምንም ሳናነሳ ዋልን። ቡድኑ ያን ቀን አሸነፈ። ማሸነፉን ያወቅነው ከውጭ በመጣው ጩኸት ነበር፤ አባዬ በሩን ከፍቶ ሲገባ እማዬ እልል አለችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ሻንጣውን ሳያወርድ ቆመ።

«ሬዲዮ አልሰማችሁም?» አለ።

«ድንጋዩን ዝናብ መታብኝ፣ ምንም አልሰማን።»

አባዬ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ዘጋውና ሻንጣውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እማዬ እየሳቀች፣ «በእንዲህ ያለ ነገር ማመን ሐራም ነው፣ እኔም አላምንም። ግን ሬዲዮኑ ዝም ብሎ ቢከርም ማንን ይጎዳል?» አለች። አባዬም «እውነትሽን ነው፣ አትክፈቱት» አለ።

በዚህ ሁኔታ የቤታችን ሕግ ተደነገገ። ጨዋታ ባለበት ሰዓት ሬዲዮኑ በሻርፕ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ የኳስ ወሬ አይነሳም፣ ከውጭም ቢሆን አይሰማም። ቡድኑ በሚቀጥለው ሳምንት አሸነፈ፣ በዚያኛውም አሸነፈ፣ አንዱን አቻ ወጥቶ እንደገና ማሸነፍ ቀጠለ፤ ከታች የነበረው ስሙ በደረጃው ላይ እየተንፏቀቀ ወደ ላይ ወጣ። እኔ በሕጉ ከእማዬ ብሼ ቁጭ አልኩ። አንዲት የክፍሌ ልጅ በእረፍት ሰዓት «አባትሽ እኮ…» ብላ ስትጀምር ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ሮጥኩ። «ወንፊት» የሚለው ስምም ጠፋ፤ አፍረው ነው ብዬ ኮራሁ። እትዬ አስካለ የሬዲዮናቸው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ሲመጣ ቶሎ ብለው ይቀንሱት ነበር፤ ሕጋችንን አክብረውልን ነው ብለን አመሰገንናቸው።

አባዬ ግን መናገር አቆመ። የስኳር ዕቃውም ብርጭቆውም ቦታቸውን ይዘው ተቀመጡ። «እንዴት ነበር?» ስለው፣ «ጥሩ ነበር፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው» ብሎ ፊቱን ይታጠባል። ሲያሸንፉ ማውራት ዕድል ያበላሻል ብሎ ይሆናል አልኩ፣ የቤታችን ሰው አይደል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበቱን ማሸቱ አልቀረም፤ እማዬ ግን ከእሱ ጋር መቀለዷን ትታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከድሮው ረዘም ላለ ጊዜ ታሸው ጀመር።

ግንቦት ልደታ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች እንደየዓመቱ መንገዱ ዳር እሳት አንድደው ንፍሮ ቀቀሉ። እማዬ ሙስሊም ብትሆንም ከዚያ ቀርታ አታውቅም፤ ማገዶ ይዛ ሄደች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ቡድኑ ለማጠቃለያው ውድድር ማለፉ በዚያ ሳምንት ታውቆ ስለነበር ወሬው ሁሉ እሱ ነበር፤ እኛ ስንደርስ ግን እሳቱ ውስጥ ውኃ የተደፋ ያህል ጸጥ አለ። እትዬ አስካለ ቶሎ ብለው ንፍሮውን ማማሰል ጀመሩና፣ «ዘሀራ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ማርያም ትከተላቸው» አሉ። «አሜን» አለች እማዬ። ሁሉም ስለ ንፍሮው ጨው ማውራት ጀመረ።

ማጠቃለያው ሐዋሳ ላይ ነበር። ክረምቱ ገብቷል፤ አባዬ ሻንጣውን ይዞ ሄደና እኛ በዝናብ ድምፅ ስር ቀረን። አንዳንድ ቀን ባለሱቁ ስልክ ላይ ይደውልና፣ «ደህና ነኝ፣ ዱዓ አድርጉልን» ብሎ ይዘጋ ነበር። ሁለት ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያልፋል፤ የመጨረሻውን ጨዋታ ካሸነፉ ያልፋሉ፣ ከተሸነፉ ያው የታችኛው ሊግ ነው፣ አባዬም ከዚያ በኋላ ሌላ ዓመት የሚሰጠው ጉልበት የለውም። ይህን እኔም አውቀው ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ ቀን በሩን ዘግተን ስንቀመጥ የተለቀመውን ምስር ከጠጠሩ ጋር ስደባልቀው እማዬ አየችና ነጥቃኝ ራሷ ለቀመች።

ጨዋታው ሲያልቅ አብነት ፈነዳ። ብረት ቤቶቹ ውስጥ ቆርቆሮ ተቀጠቀጠ፣ ልጆች በጭቃው ውስጥ ሮጡ፣ እትዬ አስካለና ሌሎች ጎረቤቶች በሩን ገፍተው ገብተው እልል አሉ። ጨዋታው ስላበቃ ሕጉም አብቅቷል ብዬ ሻርፑን አንስቼ ሬዲዮኑን ከፈትኩት። ጋዜጠኛው በደስታ ብዛት እየተንተባተበ ነበር። ግብ ጠባቂው ምስጋናው እንዴት ያለ ቀን ዋለ አለ፤ ከየካቲት ጀምሮ ቋሚ ሆኖ ከገባ ወዲህ ቡድኑ ሽንፈት የሚባል ነገር አያውቅም አለ፤ ነባሩ ግብ ጠባቂ ከማል ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ እያቀፈው ነው አለ።

ምስጋናውን እናውቀዋለን። አባዬ ራሱ የሚያሠለጥነው ልጅ ነበር፣ ዒድ ላይ ቤታችን መጥቶ ከእኔ ጋር በአንድ ሳህን በልቷል።

እልልታው ቆመ። ዙሪያዬን ሳይ የሁሉም ዓይን መሬት ላይ ነበር፤ አንድም የደነገጠ ሰው አልነበረም፣ ያፈሩ ሰዎች ብቻ ነበሩ። አብነት ሙሉ ሲያውቅ ከርሟል። ያን ሁሉ እሁድ በሩን ዘግተን ዕድል የምንጠብቀው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ነበር። እማዬን አየኋት። እሷም አልደነገጠችም። በበልጉ ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ሲነሳ ዋለ የተባለን በረኛ ማሊያ፣ በየሳምንቱ ጭቃ ሳይነካው ሲመጣ እያየች ያጠበችው እሷ ነበረች፤ ይህን ያሰብኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች ጠይቄያት አላውቅም።

«ሐያት፣ ድምፁን ቀንሺው» አለችኝ፣ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ፣ «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ሻይ ይጠጣል» አለች። ሻይ አቀረብኩ። አላለቀስኩም፣ አልተናደድኩም፤ የያዝኩት ትሪ ከእጄ ጋር የተያያዘ አይመስለኝም ነበር፣ ሌላ ሰው ይዞት የሚሄድ ዓይነት።

ቡድኑ ሲመለስ ክፍት መኪና ላይ ተጭኖ፣ በተክለ ሃይማኖት አድርጎ፣ በጭፈራ ሰፈራችን ገባ። አባዬ መኪናው ላይ አልነበረም። ቀድሞ ወርዶ በጓሮ በኩል በእግሩ መጣ። እማዬ የእጅ ውኃ አቀረበችለትና፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለ። አየኝ፣ እኔም እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። በላን። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ አዲስ ተጫዋች ሲያስፈርም እሱን አሰናበተው፤ አባዬ አብነት ብረት ቤት ገብቶ ላሜራ መቁረጥ ጀመረ። ፕሪሚየር ሊግ ላይ አንድም ቀን አልቆመም። ለምን ብለን አልጠየቅንም፣ እሱም አልነገረን።

አሁን ያ ቤት የለም። ሰፈሩ ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደርሶን፣ ወላጆቼ ከእኔና ከልጄ ጋር ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ክፍሉ በዝቷል፣ የሚዘጋ በር ሁሉ አለን፣ ግድግዳው ግን የጎረቤት ማስነጠስ አያሳልፍም። በዚህኛው ቤት ሁሉም ነገር ይነገራል፤ ልጄ ፈተና ሲወድቅ ከበር ሳይገባ ያወራዋል፣ እኔም ሥራ ቦታ የገጠመኝን ሁሉ እራት ላይ እዘረግፈዋለሁ። ያኔ በአንድ ክፍል ሆነን አንዲት ነገር ለሦስት ደብቀን እንደኖርን ሳስበው የሌላ ሰው ቤት ይመስለኛል።

ባቡሩ ያሳለፈኝን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሼ ቤት ስደርስ ልጄ ከአያቱ ጋር ኳስ እያየ ነበር። «አባባ፣ ያኔ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ስታልፉ ስንት ኳስ አዳንክ?» አለው። እማዬ ሶፋው ላይ ካልሲ እያጠፈች ነበር። አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

«አንድም አላዳንኩም። ከየካቲት ጀምሮ ተጠባባቂ ነበርኩ። ጎል ላይ የነበረው ምስጋናው ነው።»

«ለእማማ ለምን አልነገርካቸውም?»

«እንዴት ብዬ ልንገራት? በሰፈሩ ውስጥ ከሰኞ እስከ እሁድ ሰው የሚያዝንልኝ ሆንኩ። ቤቴ ስገባ ብቻ ነበር ያልታዘነልኝ።»

ከዚያ ቀና ብሎ እኛን አየ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው እንደ ተማሪ ፈርቶን ነበር። እማዬ ካልሲውን ጉልበቷ ላይ ጣለችና አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ከማል! ይህን ሁሉ ዘመን ሳትነግረን?» አለች። እኔም «እንዴ አባዬ!» አልኩ። ዓይኔንም ከፈት አደረግኩ።

አባዬ ሳቀ፣ በረጅሙ ተነፈሰና ትከሻው ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እማዬ ጋቢ አለበሰችው። እኔና እሷ ተያየን፤ ምንም የተሰማኝ ነገር የለም። እሱ ነግሮን ቀለለው። እኛ ደግሞ ገና ዛሬ የሰማን ሆነን እንኖራለን።