ያልታጨደችው ትልም

“ሄልፕ፣ ኤይድ፣ አሲስት…” ልጄ ወልድያ ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ እንግሊዝኛዋን ጮክ ብላ ታነባለች። “እማዬ፣ ሁሉም መርዳት ነው። ምን ይለያቸዋል?” ስትለኝ ሐሳቤ ያደግኩባት ገጠር ግራና፣ እናቴ ማሳ ላይ ሄዶ ቆመ።

አባቴ በሞተ ዓመት ማሽላችን ደርሶ ወፍ ሲጨርሰው እናቴ “የሰው እጅ አላይም” ብላ ብቻዋን ታጭድ ነበር። አንድ ማለዳ ጎረቤታችን አያ ሰይድ ሰዎች አስከትለው፣ ማጭድ ይዘው መጡ። ፊቷ ተለዋወጠ።

“አያ ሰይድ፣ እርዳታ አልፈልግም ብዬዎት አልነበር?”

“ወላሂ፣ ማን ሊረዳሽ መጣ! ወንፈል ነው። ዛሬ እኛ ላንቺ እናጭዳለን፣ ነገ አንቺ ለእኔ ታጭጃለሽ።”

“እንዲያ ከሆነ እሺ” ብላ ሻሿን አጠበቀችና አብራቸው ገባች። እኔ ጥንቅሽ እየመጠጥኩ ውሃ ሳመላልስ ዋልኩ።

በማግስቱ ማጭዷን ይዛ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። የአያ ሰይድ ማሽላ ግን ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሯል። ከዳር አንዲት አጭር ትልም ብቻ ቆማለች፤ ዛላዎቿ ወፍ እንዳይነካቸው በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልለዋል።

“ዘገየሽ እኮ!” ብለው አያ ሰይድ ተቆጧት።

እናቴ ጨርቁን እየፈታች፣ ቀስ እያለች አጨደች። ወደ ቤት ስንመለስ “አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው” አለች። ለተቆጣት ሰው ለምን ዱአ እንደምታደርግ ያኔ አልገባኝም።

ልጄ እርሳሷን ይዛ መልሴን ትጠብቃለች።

“መጽሐፍሽ አንዱን ትቶታል፤ አንቺ ጨምሪበት” አልኳት። “‘ዘገየሽ እኮ!’ ብለሽ ጻፊ።”