ማርያም የሳመችው ጉንጭ

ልጅ እያለሁ የአባቴን መልክ የማውቀው ከአንዲት ፎቶ ብቻ ነበር። እሱ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ያኔ ደብረ ታቦር ላይ አብዛኛው ሰው የሚነሳው ጥቁርና ነጭ ስለነበር፣ የኛዋ ባለ ቀለም ፎቶ በሰፈሩ የታወቀች ነበረች። አንድ ክረምት ግን ጣራችን አፈሰሰና ውሃው በመስታወቱ ሥር ገባ። እናቴ ፎቶዋን ልታላቅቅ ስትሞክር የአባቴ ፊት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ደግነቱ ፊልሙ ሣጥን ውስጥ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና እኔን አስከትላ አባቴን ያነሱት ፎቶ አንሺ፣ ጋሽ ይርጋ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት። እኔም ተንጠራርቼ አየሁ፤ ጸጉሩ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር የሆነ ብርቱካንማ ሰው።

"ኔጋቲቩ ደህና ነው። አጥበን እናሳድገዋለን" አሉ።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ባለ ቀለም ነገር ሲታጠብ አይለቅም? ደግሞስ የሞተ ሰው ያድጋል እንዴ?" እናቴ ሳቀች፤ ግን ጥርጣሬው ያን ዕለት ገባባት።

በሳምንቱ ስንሄድ ትልቁ ፎቶ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ወጣ። ፊቱ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። "ቀዩ ትንሽ አይሏል፣ ይስተካከላል" አሉ ጋሽ ይርጋ። እናቴ ግን የምታየው ቀለሙን አልነበረም።

"ይሄ የኔ ባል አይደለም። እሱን ማርያም የሳመችው በግራ ጉንጩ ነው፤ የዚህ ሰውዬ ምልክት በቀኝ ነው። የኔን ፊልም የት አደረሱት?"

"እኔ የሰው ባል እለውጣለሁ?" ብለው ጮኹ። ቁጣው ጆሯቸውን ደፍኖት ስለ ጉንጩ የተባለውን አልሰሙም።

እናቴ ፎቶውን አልሰቀለችውም፤ በግንባሩ ደፍታ አልጋ ሥር አስገባችው። ወሬው ሲዛመት የሰፈሩ ሴቶች ግድግዳቸው ላይ ያሉትን ሙታንና ሙሽሮች እያወረዱ ይመረምሩ ጀመር። እኔን ግን የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። እናቴ ከተሳሳተች አልጋ ሥር የተደፋው ሰው አባቴ ነው፤ ካልተሳሳተች ደግሞ አባቴን ዳግመኛ አላየውም። መንገድ ላይ በቀኝ ጉንጩ ምልክት ያለበት ሰው ሳይ ዞሬ ዞሬ አየው ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትወርድ ፎቶውን ጎትቼ አወጣሁት። ከትከሻው በላይ፣ በጀርባው ካለው የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ላይ፣ "መልካም በዓል" ከሚለው ጽሑፍ "ካ" ብቻ ትታያለች። ረጅም እግሯ በቀኝ መሆን ሲገባው በግራ ነው። እንዲህ አድርጌ ስጽፍ መምህራችን በማስመሪያ ጣቴን መትተውኝ ስለነበር አልተሳሳትኩም።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን አምና ሰማችኝ። እጄን ይዛ ወደ ጋሽ ይርጋ ወሰደችኝ። ፊደሏን በጣቴ ሳሳያቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "ፊልሙን ገልብጬ ነው ያተምኩት" አሉ። ወዲያው ተነሥተው "ኑ ግቡ፣ ፊታችሁ ልሥራው" አሉን።

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ለባለ ቀለም ፎቶ ቀይ አምፖል እንኳ አይበራም። የውሃ ድምፅና የእናቴ "በስመ አብ" ብቻ ይሰማኛል። እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኛለች። መብራቱ ሲበራ ምልክቱ በግራ ጉንጩ ላይ ነበር።

"አሁን መጣ" አለች እናቴ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ "በክፉ ጠርጥሬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለቻቸው።

"አንቺ ይቅር በይኝ እንጂ፤ ስንት ቀን ከባልሽ ለየሁሽ" አሉ።

ጋሽ ይርጋ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ፎቶ ቤቱም ሞባይል መሸጫ ሆኗል። በቅርቡ አንድ ዘመዴ ከአንበሳሜ የአጎቴን ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ሽበት የለ፣ መጨማደድ የለ፣ ቆዳው የሕፃን። ደወልኩለት።

"እውን ይሄ አጎቴ ነው?"

"በስልኬ አሳምሬው ነው" አለ እየሳቀ።

"ዋናው የታል?"

"አጠፋሁት።"

ያኔ እናቴ ስትጠረጥር ልጇን ይዛ የምታንኳኳው በር ነበራት፤ ከበሩም ጀርባ ተቆጥቶ ተቆጥቶ፣ ጥፋቱን ሲያይ "ኑ ግቡ" የሚል ሰው። እኔ ስልኩን ይዤ፣ አጎቴን የሚመስለውን ሰው ሳይ ብዙ ቆየሁ።